የቂሣርያው ባስልዮስ፤ ለድኻ ድስት የጣደ ሊቅ

ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር ጻፉልን በተባልን ጊዜ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ፣ ስለ መዋጮውና ስለ ቅጣቱ ሌሎች እንደሚጽፉ ስለምናውቅ፣ እኛ የአንድ የጥንት ሰው የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ መረጥን። ሰውየው ከሞተ ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖታል። አገሩም ሩቅ ነው። ታዲያ ከኛ ሠፈር ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያታችንን እንናገር።

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዱን ቀበርን። ስሙን አናነሣም። ጡሩንባው ተነፋ፣ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ለቀስተኛውም ሦስት ቀን ሙሉ በላ ጠጣ። እድራችን በዚህ በኩል አይታማም። በሠልስቱ ዕለት ግን አንዲት ጎረቤቱ ቀስ ብላ ስታወራ እንደሰማነው፣ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ብዙ ቀን እሳት ባልነደደበት ቤት ውስጥ ነበር የተኛው። እሱ አፍሮ አልተናገረም። እኛም አልጠየቅነውም። ትልልቆቹ ድስቶቻችን ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደፍተው ነበር። ይህ ነገር ከሆዳችን አልወጣ ብሎ ሳለ ነው የቅዱስ ባስልዮስን ታሪክ እንደገና ያነበብነው።

በቤተ ክርስቲያን ላደግነው ስሙ እንግዳ አይደለም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ቅዳሴ ባስልዮስ ነው። ስንክሳሩም በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ዕረፍቱን ያነሣል። ሆኖም ስሙን ስንሰማ ኖረን ሥራውን ያላወቅን ብዙዎች ነን። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ዘካንና ሰደቃን አሳምራችሁ የምታውቁ ስለሆናችሁ፣ የዚህ ሰው ነገር ባዕድ አይሆንባችሁም።

ባስልዮስ የተወለደው በቀጰዶቅያ ቂሣርያ በ330 ዓ.ም. ገደማ ነው። (ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ይህች ቂሣርያ በሐዋርያት ሥራ ላይ የምናውቃት፣ መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ የነበረባት የባሕር ዳሯ ከተማ አይደለችም። በዛሬይቱ ቱርክ መሐል አገር የምትገኘው ካይሰሪ የምትባለው ናት። ባሕር የላትም፤ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ባሕር የሌላት መሆኗ በኋላ ለምንናገረው ነገር ስለሚያስፈልግ አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቤተ ሰቡ ባለ ርስት ነበር። አያቶቹ በስደት ዘመን በጳንጦስ ጫካ ሰባት ዓመት ያህል ተደብቀው የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። አያቱ ማክሪና ልጆቹን ሃይማኖት እያስተማረች አሳደገች። እናቱ ኤሜሊያ ብዙ ልጆች ወለደች፤ ከነሱም መካከል ሦስቱ ጳጳሳት ሆነዋል። አንዱ እኛ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የምንለው ነው። የበኩር ልጅዋ ደግሞ በአያቷ ስም የተጠራችው ማክሪና ናት።

ከወንድሞቹ መካከል ናውክራጥዮስ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። እኛ ግን ልናልፈው አልቻልንም። ይህ ልጅ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ሳለ ሹመትና ሀብት ሊያገኝ ሲችል ሁሉን ትቶ ወደ ዱር ገባ። የገባውም ለብቻው ሊጸልይ ብቻ አልነበረም። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ድኾችና በሽተኞች ሽማግሌዎች ነበሩ። እያደነ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ በገዛ እጁ ያበላቸው ነበር። በመጨረሻም ለሽማግሌዎቹ ምግብ ሊያመጣ እንደወጣ በአደጋ ሞተ። ባስልዮስ ያን ጊዜ አገር ቤት አልነበረም፤ ወይም ገና መመለሱ ነበር። ትምህርት ላይ ነበር ዕድሜውን ያሳለፈው።

ትምህርቱስ ቀላል አልነበረም። በቂሣርያ ጀምሮ በቁስጥንጥንያ አልፎ አቴና ድረስ ሄደ። በአቴና የዕድሜ ልክ ወዳጁን ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙን አገኘ። ሁለቱም ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ መንገድ አያውቁም ነበር ይባላል። በኋላ ንጉሥ ሆኖ ክርስትናን የተቃወመው ዩልያኖስም በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ተምሯል። ባስልዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ አገሩ ሲመለስ በንግግር ችሎታው የተደነቀ፣ እንደ ዛሬ አባባል ዲግሪውን ጭኖ የመጣ ጎረምሳ ነበር። ደረቱን ነፋ። የአገሩን ሹማምንት ናቀ። ይህን የምንለው እኛ ሳንሆን ወንድሙ ራሱ የጻፈው ነው። ታዲያ ማን አስተነፈሰው ቢባል፣ እኅቱ ማክሪና ናት። እሷ በዚያን ጊዜ እናቷን አሳምና ቤቱን የጸሎት ቤት አድርጋዋለች፤ ገረዶቹን እንደ እኅት ቆጥራ ከነሱ ጋር በአንድ ማዕድ ትበላለች፣ ዳቦውን በገዛ እጇ ትጋግራለች። የአቴናው ሊቅ በዚያች ዳቦ ጋጋሪ ፊት ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ ተጠመቀ፤ ወደ ግብጽ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄዶ መነኮሳቱን ጎበኘ፤ ተመልሶም በጳንጦስ በወንዝ ዳር መነኮሰ።

በምንኩስናው ላይ አንድ ነገር ብቻ እንናገርና እንለፍ። ለብቻ በዋሻ መኖርን አልነቀፈም፤ ይሁን እንጂ ሰው ብቻውን ከኖረ እግሩን የሚያጥብለት፣ የሚያገለግለው ሰው ስለማያገኝ ፍቅር ሥራ ፈታ ይሆንበታል የሚል ሐሳብ ነበረው። ስለዚህ መነኮሳቱ በማኅበር ሆነው፣ በእጃቸው እየሠሩ፣ ከሠሩትም ለድኻ እየሰጡ እንዲኖሩ ሥርዓት አወጣላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በ368 እና በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ትልቅ ረሀብ ሆነ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ሰማዩ እንደ ብረት ጠነከረ፤ ምድሩ ተሰነጣጠቀ፤ ቀድሞ በጀልባ ይሻገሩት የነበረውን ወንዝ ሕፃናት በእግራቸው የሚያልፉት ሆነ። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ቢቸግራቸው በመርከብ ያስመጣሉ። ቂሣርያ ግን ባሕር የላትም ብለናል። በዚያ ላይ እህል ያለው ሁሉ ጎተራውን ዘጋ። ዋጋው እስኪንር መጠበቅ ጀመረ። የ1977ቱን ድርቅ የምናስታውስ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳንም።

ባስልዮስ መጀመሪያ ያደረገው በአውደ ምሕረቱ ላይ መቆም ነው። ያን ጊዜ ከሰበካቸው ስብከቶች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አሉ። አንዱ በሉቃስ ወንጌል ላይ ስላለው፣ ምርቱ ቢበዛበት ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ ነው። በዚያ ስብከት ውስጥ አንድ አባት አለ። የሚበላው አልቆበት ከልጆቹ አንዱን ሊሸጥ ወደ ገበያ ሊወስድ ይነሣል፤ የትኛውን እንደሚወስድ ግን ቸገረው። ትልቁን እንዳይሸጥ በኩሩ ነው። ትንሹ ደግሞ ምንም የማያውቅ ነው። አንዱ መልኩ ቁርጥ ወላጆቹን ነው፤ ሌላው ትምህርት ይሆንለታል። አንዱንም ሳይሸጥ ቢቀር ደግሞ ሁሉም በረሀብ ሊያልቁበት ነው። በመጨረሻ እንባውን እያፈሰሰ አንዱን ይወስዳል። ገዢው ግን እህሉን ይዞ ይከራከራል፤ ዋጋ ይቀንሳል። ይህን የሰሙ የቂሣርያ ባለጠጎች እንዴት እንደተቀመጡ እንጃ! ጎተራ ውስጥ የሚነቅዘው እህል የተራበው ሰው ነው፣ በሣጥን ውስጥ ብል የሚበላው ልብስም የታረዘው ነው እያለ ነበር የሚነግራቸው። ማለትም ምጽዋት ከራስ ገንዘብ ቆርሶ መስጠት ሳይሆን፣ የሰውን ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ነው ማለቱ ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬም ቢሆን ሲውጡት ይመራል።

በሌላው ስብከቱ ደግሞ ስለ ምህላው ያነሣል። ስለ ዝናብ ምህላ ተይዞ ሳለ ትልልቆቹ ወንዶች ገበያቸው ላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የመጡት ጥቂት ሰዎችና ሰሌዳቸውን ጥለው የመጡ የተማሪ ቤት ልጆች ናቸው፤ ልጆቹም ከትምህርት ስላረፉ ደስ ብሏቸዋል። በዚህ አዘነ። ኃጢአቱን የሠራው ገበያ ውሎ፣ ምንም ያላጠፋው ሕፃን ምህላ ይቁም ወይ ነው ነገሩ።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ለድኻው የተናገረው ነው። ብዙዎቻችን ስለ ምጽዋት ሲነሣ ባለጠጋውን እናያለን፤ እኛማ ምን አለን እንላለን። ባስልዮስ ይህን በር ዘግቶታል። ድኻም ብትሆን ካንተ የባሰ ድኻ አለ፤ ያንተ ስንቅ አሥር ቀን ቢያቆይ የሱ አንድ ቀን ነው የሚያቆየው ይላል ትርጉሙ። አንድ እንጀራ ብቻ የቀረውም ቢሆን ለማኝ ከደጁ ከቆመ ያችኑ አውጥቶ እንዲካፈል ነው የሚያዘው። ለዚህም ነቢዩ ኤልያስን በአንድ እፍኝ ዱቄት የተቀበለችውን የሰራፕታዋን መበለት ምሳሌ ያደርጋል። ወላጆቻችን ለማኙን የኔ ቢጤ ያሉት እኮ ይህ ገብቷቸው ነው። ቃሉ አሁንም በአፋችን አለ፤ ቁራሹ ግን ከጓዳችን እየጠፋ ነው።

ስብከቱ ሠራ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ እንደጻፈው የተዘጉት ጎተራዎች በምክሩና በልመናው ተከፈቱ። እሱ ራሱም ከወላጆቹ የወረሰውን ሸጦ ለድኻ አውሎታል፤ ባዶ እጁን ሆኖ አልነበረም ሌላውን ስጥ የሚለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እንግዲህ ለእድራችን ያመጣነው። የተራቡትን ወንዱንም ሴቱንም፣ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ነፍሳቸው ልትወጣ የደረሱትን ጭምር በአንድ ቦታ ሰበሰበ። የሚበላ ነገር ሁሉ ከያለበት አስመጣ። ትልልቅ ድስቶች አስጣደ። በድስቶቹም የአተር ሾርባና ያገሩ ሰው የሚበላው በጨው የተቀመመ ሥጋ ተሠራ። እሱም አገልጋዮቹን ይዞ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ የተራቡትን እግር እያጠበ ያበላቸው ጀመር። የአቴናው ሊቅ!

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለምን ጥሬ እህል ሰፍሮ አልሰጣቸውም? ረሀብ ያደከመው ሰው ጥሬ ቢሰፈርለት በምን ጉልበቱ ይፈጫል፣ በምን ማገዶ ያበስላል? ገንዘብ ቢሰጠውስ ከየት ይገዛል? ባስልዮስ የድኻውን ችግር ከላይ ሆኖ አላየውም፤ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎት ገብቷል። የኛም ሟች ቢሆን ብር ብንሰጠው ላይቀበል ይችል ነበር። ሞቅ ያለ ሾርባ ይዘን ብንገባ ግን አይመልሰንም ነበር ብለን እናስባለን።

ይህን ይዘን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርበን ነበር። ድስቶቹ ለቅሶ በሌለበት ሳምንት አንድ ቀን ወጥተው፣ ደጋፊ ለሌላቸው አረጋውያን ምግብ ይሠራባቸው ነው ያልነው። አንዳንድ አባላት ተቃወሙ። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡ ለቀብር ነው ይላል፤ ዛሬ በልተነው ነገ በምን እንቀበራለን አሉ። እውነታቸውን ነው። የቀብር ገንዘቡን የበላ እድር እድር አይደለም። ነገር ግን ባስልዮስም ቢሆን እያንዳንዱን ከየጎተራው፣ ድኻውንም ከየጓዳው ነው የጠየቀው። እኛም የለመንነው ከሣጥኑ ሳይሆን ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ነው። ድስቱማ ቢጣድ አያልቅ! ነገሩ ሳይወሰን ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ያን ረሀብ የተጋፈጠው ባስልዮስ ብቻ አልነበረም። በጳንጦስ ያሉት እኅቱ ማክሪናና ታናሽ ወንድሙ ጴጥሮስም እጃቸውን አልሰበሰቡም። ጴጥሮስ እህል እያፈላለገ ለመጣው ሁሉ ስላበላ፣ ያ ጭር ያለ ገዳም ከሰው ብዛት የተነሣ ከተማ መሰለ። ማክሪና ደግሞ በረሀቡ ዘመን በየመንገዱ ወድቀው ያገኘቻቸውን ሴቶች ልጆች እያነሣች አሳደገች። ከብዙ ዓመት በኋላ እሷ ስትሞት እናታችን ብለው የጮኹ እነዚያ ልጆች ናቸው።

ስለ አራጣም ተናግሯል። አበዳሪውን ከድኻ መከራ ትርፍ የሚያጭድ አድርጎ ገሠጸው፤ ተበዳሪውንም ቢሆን አልማረውም። የናስ ዕቃህን ሽጥ፣ ልብስህን ሽጥ፣ ነፃነትህን ግን አትሽጥ የሚል ነው የምክሩ መንፈስ። በአራጣ ቤቱን ያጣ ሰው በሠፈራችንም ስላለ ማብራራት አያስፈልገንም።

በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ጳጳስ ሆነ። ያን ጊዜ ንጉሡ ዋሌንስ የአርዮስን ወገን የሚደግፍ ስለነበር ጳጳሳቱን ሁሉ ወደ ራሱ ሊያዞር ይሞክር ነበር። ሞደስጦስ የሚባለውን ትልቅ ሹም ወደ ባስልዮስ ላከው። ሹሙ ሀብትህ ይወረሳል፣ ትሰደዳለህ፣ ትገረፋለህ፣ ትሞታለህ እያለ አስፈራራው። ባስልዮስ ግን ከአሮጌ ልብስና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የሚወረስ ነገር አልነበረውም። እውነትም አንድ ቀሚስና አንድ ካባ ብቻ ነበር ያለው፤ ምግቡ ዳቦና ጨው፣ መኝታውም መሬት ላይ ነበር። ሰጥቶ የጨረሰን ሰው በምን ያስፈራሩታል? ሹሙ ተደንቆ ተመለሰ። ንጉሡም ቢሆን ከሱ ጋር በሃይማኖት ሳይስማማ፣ ባስልዮስ ለሚያስታምማቸው ድኾችና ሕሙማን የሚሆን መሬት ሰጠ። ባስልዮስ ይህን ሹም ኋላ መለስ ብሎ በደብዳቤ ለምኖታል። የለመነው ግን ለራሱ ሳይሆን፣ በታውሮስ ተራራ ብረት እያወጡ ለሚኖሩ ሰዎች የተጣለባቸው ግብር እንዲቀልላቸው ነበር።

በረሀቡ ጊዜ የተጣደው ድስት ረሀቡ ሲያልፍ አልወረደም። ከከተማው ውጪ ትልቅ ቤት ሠራ። አንድ ቤት ከማለት ሠፈር ማለት ይሻላል። ለመንገደኛ ማረፊያ፣ ለበሽተኛ መታከሚያ፣ ለድኻ መኖሪያ ነበረው። ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ የጭነት ከብቶች፣ የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶችም ነበሩት። ከሁሉ በላይ ግን የቆዳ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ሰበሰበ። እነዚህ ሰዎች ከየቤታቸው ተባርረው፣ ከገበያና ከውኃ ምንጭ ተከልክለው በሩቁ የሚጮኹ ነበሩ። ባስልዮስ፣ የከበረ ቤተ ሰብ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ያቅፋቸውና ይስማቸው ነበር። ሠፈሩም በስሙ ባሲልያስ ተባለ።

ስም አጥፊ መቼ ይጠፋል! ይህ ሰው የመንግሥትን ነገር እያበላሸ ነው ብለው ለአገረ ገዥው ለኤልያስ የነገሩት ነበሩ። ባስልዮስም ለእንግዳ ማደሪያ፣ ለሕሙም አስታማሚ ማዘጋጀት ማንን እንደሚጎዳ ጠይቆ፣ ረጋ ያለ ደብዳቤ ጻፈለት።

እንከን የሌለበት ሰው አድርገን ልናቀርበው ግን አንፈልግም። ንጉሡ ቀጰዶቅያን ለሁለት ሲከፍላት ባስልዮስ ግዛቱን ላለማጣት ሲል ያን የልብ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራማ የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ እጅግ አዘነ፤ ቅሬታው ባስልዮስ ከሞተ በኋላም ጨርሶ አልጠፋለትም። ለማያውቀው ሕሙም የሚሳሳው ሰው የወዳጁን ልብ ሳይጠይቅ አልፏል። ይህ እንግዲህ የሰው ነገር ነው፤ ከኛም ቤት አይጠፋም።

ጤና አልነበረውም። ጉበቱን ዕድሜ ልኩን ሲያመው ኖሮ፣ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው ጥር 1 ቀን 379 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ዐረፈ። እድርተኞች ነንና ቀብሩን ሳንናገር አንጨርስም። አስከሬኑ ሲወጣ አደባባዩ፣ ሰገነቱ፣ ፎቁ ሁሉ በሰው ተሞላ። መዝሙሩ በለቅሶው ተዋጠ። ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም፤ አይሁዱም አረማዊውም መጻተኛውም እኩል አለቀሰ። የልብሱን ዘርፍ ወይም አልጋውን ልንካ የሚለው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ በግፊያው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ከብዙ ግፊያና ሁካታ በኋላ ከሱ በፊት ከነበሩት ጳጳሳት ጋር በአንድ መቃብር ተቀበረ።

ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው ሶዞሜን ስለዚያ የድኾች ሠፈር አንሥቷል። በዕድሜ የገፋ፣ የብዙ መንደሮች ጳጳስ የነበረ ሰው ያስተዳድረው እንደነበረና፣ ቤቱም በዚያን ጊዜ ገና ባሲልያስ እየተባለ ይጠራ እንደነበረ ጽፏል።